በሁዳዴ የታጠበ ቅቤ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ማርታ ለዕረፍት ጭሮ መጥታ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚካል ምህንድስና ትማራለች፤ ልትመረቅ ትንሽ ቀርቷታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳገላብጥ ኮምፒውተሯን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና፣ "አባባ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬ ነው" አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ቀጥ ያለ ረጅም ማማ ሥላለች። አንድ ፈሳሽ ከታች ይገባል፣ ሌላ ፈሳሽ ከላይ ይወርዳል፤ መሐሉ ላይ ወንፊት የመሰሉ ሳህኖች ተደርድረዋል። የቀዳዳው ስፋት፣ የፈሳሹ ፍጥነት፣ የሙቀቱ መጠን ሁሉም በቁጥር ተጽፏል።

"አሁን የምጽፈው ምን ሊበላሽ ይችላል የሚለውን ምዕራፍ ነው" አለች። "አሥራ አንድ ምክንያት አግኝቻለሁ።"

አሥራ አንዱንም አነበብኩ። ሙቀቱ ሊወርድ ይችላል፣ ቀዳዳው ሊደፈን ይችላል፣ ፓምፑ ሊቆም ይችላል። እኔን ያቃጠለኝ ነገር ግን አልተጻፈም። ኮምፒውተሩን መለስኩላትና "ቆዪ" አልኳት። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ያ ሁዳዴ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ያን ጊዜ ጭሮ አሰበ ተፈሪ ነበር የምትባለው። እኔም ታደሰ መባሌ ቀርቶ "መሐንዲሱ" ነበርኩ። መሐንዲስ ግን አልነበርኩም። አዲስ አበባ ኮሌጅ ገብቼ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ እንደተማርኩ አባቴ ስላረፈ፣ እናቴን ብቻዋን መተው አላስችል ብሎኝ አቋርጬ ተመለስኩ። ከኮሌጁ ይዤ የመጣሁት አንድ ወፍራም የፈረንጅ መጽሐፍና ከመጽሐፉ የሚወፍር ትዕቢት ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ማርታ የሣለችው ዓይነት ማማ ነበረበት። ሥዕሉ ላይ ከማፍጠጤ ብዛት ገጹ ተገንጥሏል።

ትዕቢቴን ከቁም ነገር የቆጠሩልኝ ጋሼ ሽፈራው ናቸው። የእህልና የቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ መጋዘናቸው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከሂርና በኩል የሚመጡት የጭነት መኪኖች ውሃ ለመጨመር ከሚቆሙበት ቦታ አጠገብ ነው። ቅቤው የሚመጣው ከሚኤሶ ቆላ ነበር። የቅቤው ጣጣ እንዲህ ነው። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ሣር ይበቅላል፣ ላሞቹ ይታለባሉ፣ ቆላው ቅቤ በቅቤ ይሆናል። ልክ ያን ጊዜ ግን ሁዳዴ ይገባል። የከተማው ክርስቲያን ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ቅቤ የሚባል አይነካም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የቆላው ሰው ያለፈው ዓመት ማሽላ አልቆበት ጎተራውን የሚጠርግበት ጊዜ ነው። ሴቶቹ ቅቤ ተሸክመው ማሽላ የሚለውጣቸው ያጣሉ። ጋሼ ሽፈራው ይህን አይተው የጾሙን ቅቤ እየገዙ ለፋሲካ ያከማቹት ጀመር። ነገር ግን በቆርቆሮ ታሽጎ ሁለት ወር ሙቀት ላይ የተቀመጠ ቅቤ ለፋሲካ ሲደርስ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ሽታውም ከሩቅ ነው። በቀደመው ዓመት ገዢዎች አሽትተውት አፍንጫቸውን ይዘው ሄደዋል።

የሚኤሶ ሴቶችን ቅቤ ሰብስበው በጭነት መኪና ዳገቱን ይዘው የሚመጡት እትዬ ፋጡማ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። ሴቶቹ ቅቤውን የሚሰጡት ለጋሼ ሽፈራው ሳይሆን ለእሳቸው ቃል ነው። ጋሼ ሽፈራው በዚያ ዓመት ሁለታችንንም ፊት ለፊት አቁመው፣ "ይህ ልጅ ቅቤውን አጸዳለሁ ብሏል፤ ካጸዳ በየጾሙ እገዛለሁ፤ ካላጸዳ ግን ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ የከረፋ ቅቤ አቅፌ ፋሲካ አልውልም" አሉ። እትዬ ፋጡማ ወደ እኔ ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ቅቤ ታጥባለህ?" አሉኝ። "አዎ" አልኩ። "ኢንሻአላህ" አሉ፤ አባባላቸው ግን ብዙም የሚያጽናና አልነበረም።

አሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ቅቤ ሲቆይ በውስጡ የሚፈጠረው ጎምዛዛ ነገር ቅቤም ውስጥ መኖር ይችላል፣ ሙቅ ውሃም ውስጥ መኖር ይችላል። የቀለጠውን ቅቤ በሙቅ ውሃ መሐል በጠብታ በጠብታ ስታሳልፈው ያ ክፉ ነገር ቅቤውን እየለቀቀ ወደ ውሃው ይሄዳል። ቅቤው ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ወጥቶ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ክፋቱን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ሴቶቻችን ከገፉ በኋላ ቅቤውን በውሃ ማጠባቸው የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

የከተማው በያጅ የሦስት ባዶ በርሜሎች ክዳንና ቂጣቸውን ቆርጦ አንዱን ባንዱ ላይ በየደልኝ። በመሐላቸው በምስማር የተበሳ ቆርቆሮ እንደ ወንፊት አስገባሁ። ከላይኛው በርሜል ጎን ከተሰበረ የመኪና መስታወት የተቆረጠ ትንሽ መስኮት አበጀሁ፣ ውስጡን ለማየት። ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃው እንደ ካፊያ ተበታትኖ እንዲወርድ፣ ደግሞም የምንጩ ደለል አብሮ እንዳይገባ በማማው አፍ ላይ አቡጀዲ ጨርቅ ወጠርኩበት። መጽሐፉ ጨርቅ አላለም፤ የፈረንጅ ውሃ ደለል ስለሌለው ይሆናል ብዬ ራሴን አደነቅሁ። የከተማው ሰው ስም ለማውጣት ማን ብሎት፣ ሳምንት ሳይሞላ ማማዬን "የባቢሎን ግንብ" አለው።

እናቴ ወይዘሮ በላይነሽ ግን በግንቡ ኮርታለች። የእሷ ድርሻ ጨርቁን ማጠብ ነበር። አዲሱን አቡጀዲ ሙጫው እንዲለቅ መጀመሪያ እሷ አጠበችልኝ፤ ከዚያ በኋላም በየቀኑ ሥራ ስጨርስ ቅባት የጠጣውን ጨርቅ ወደ ቤት ይዤ እሄዳለሁ። እናቴ ደግሞ ጾመኛ ናት ማለት አይበቃም። በሁዳዴ የቅቤ ማንኪያ የነካውን ሳህን ከቤት ታስወጣለች። ጨርቁን ደጃፍ ላይ ተቀብላኝ፣ ወደ ውስጥ ሳታስገባ በአጥሩ ጥግ ባለው ገንዳ ታሽልኛለች፤ የሙቀጫውን ድምፅ እየሰማሁ የተልባ ፍትፍቴን እበላለሁ። "ነጭ ይሁን እንግዲህ!" እላታለሁ፣ አፌ ሞልቶ። "በሥራዬ ላይ ቆሻሻ አልወድም።" ጠዋት ጨርቁ ከጥምቀት ነጠላ ነጥቶ፣ ተጣጥፎ ይጠብቀኛል።

የመጀመሪያው ቀን ቅቤውን አቅልጬ ከታች ለቀቅሁና ዓይኔን መስታወቱ ላይ ተከልኩ። ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ከላይ ሲገናኙ ወርቅ የመሰለ ቅቤ መሆን ነበረባቸው። የሆነው ግን ነጭ ነገር ነው፤ ወተት አይሉት እርጎ። ቅቤና ውሃው ተጋብተው አንፋታም አሉ። ከላዩ አረፋ፣ ከታቹ አረፋ። እንዲያርፍ ተውኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ በርሜል አደረ፣ ዋለ፣ አልጠራም።

ቀዳዳው ጠቦ ነው አልኩ፤ ወንፊቶቹን አስወጥቼ በወፍራም ምስማር እንደገና በሳሁ። አረፋ። ውሃው በርዶ ነው አልኩ፤ ማገዶ ጨመርኩ። አረፋ። ቅቤው ፈጥኖ እየገባ ነው ብዬ ጠብ ጠብ እያደረግሁ ባስገባው አንድ ቆርቆሮ ቅቤ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ ውጤቱ ያው አረፋ። በያጁን ብየዳህ ሸካራ ነው ብዬ ተጣላሁት። በአህያ የሚያመላልስልኝን ውሃ ቀጂ ከየት ነው የምትቀዳው ብዬ ጮኽሁበት። ለሁለት ሳምንት ያልወቀስኩት ፍጥረት ቢኖር አህያው ነው፤ እሱንም በልቤ ወቅሼዋለሁ።

እንዲያም ሆኖ ዋናው መከራ ገና ነው። ከአረፋው ላይ በስንት ልመና የሚገኘው ጥቂት ቅቤ መጽዳት አለመጽዳቱን የሚያውቅ ምላስ ነው። የኔ ምላስ በጾም ታስሯል። የጋሼ ሽፈራውም፣ የበያጁም እንዲሁ። በአፍንጫችን እንዳናውቅ ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ መጋዘኑ ሁሉ ቅቤ ሆኖ አፍንጫችን ደንዝዟል። ሙስሊም ይቅመስልን እንዳንል በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ገቡ! በአሰበ ተፈሪ በጠራራ ፀሐይ አንዲት ጣት ቅቤ የሚቀምስ ሰው ጠፋ። የፈረንጁ መጽሐፍ ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር የለውም።

ስለዚህ ቅምሻው ለመግሪብ ተቀጠረ። እትዬ ፋጡማ ቀኑን በገበያና በሚኤሶ መንገድ ላይ ሲባዝኑ ይውሉና ፀሐይ ስትጠልቅ መጋዘኑ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። በሁለት ተምርና በውሃ ያፈጥራሉ፤ ከጎረቤት የመጣላቸውን ሾርባ ትንሽ ፉት ይላሉ። አፋቸውን ይጉመጠመጡና እጃቸውን ይዘረጋሉ። እኔ በስኒ የቀዳሁትን ቅቤ ይዤ እንደ ተከሳሽ ፊታቸው እቆማለሁ። በጣታቸው ጫፍ ነክተው ምላሳቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ።

"ይመራል።"

"ከትናንቱ ይሻላል?"

"ከትናንቱ ይብሳል።"

ይህ ንግግር ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይለወጥ ቀጠለ። እኔ ቅቤው ይከረክራል፣ ይሸታል ቢሉኝ ይገባኝ ነበር። ይመራል ማለት ምን ማለት ነው? የቆየ ቅቤ መቼ መረረ? አንድ ምሽት ትዕግሥቴ ተሟጠጠ።

"እትዬ ፋጡማ፣ የተበላሸው ቅቤው አይደለም፣ ምላስዎ ነው!" አልኳቸው። "ቀኑን ሙሉ ደርቆ የዋለ ምላስ ምን ሊለይ ይችላል?"

ስኒውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ኢልማ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይሄ ቅቤ የሴቶቹ ነው። ጥሩ ነው ብል ለኔ ይጠቅማል። ሽፈራው ይገዛል፣ ሴቶቹ ማሽላ ያገኛሉ። ግን ሰው ገዝቶ ፋሲካ ቀን ሲበላው ምን ይላል? ፋጡማ ውሸታም ናት ይላል። ይመራል።" ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ። በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ወትሮው መጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ ስኒውን ሰጠኋቸው።

አራተኛ በርሜል እንዲቀጠል ስጠይቅ ጋሼ ሽፈራው ሳቁብኝ። "ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች። አንተ ሥሩን ትተህ ቁመት ትጨምራለህ" አሉኝ። ግን ፈቀዱ። ማማው ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ወጣ። ከቦርደዴ ለገበያ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ቆም ብለው አንጋጠው ያዩታል፤ አንዱ "ዝናብ ይጠራል እንዴ?" ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ።

በዚህ መሐል ኢድ ሆነ፤ የሙስሊሙ ጾም ተፈታ። እናቴ ደግሞ ሱባኤ ልትይዝ ገጠር ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ሳምንት ሄደች። ጨርቁን የሚያጥብልኝ ስላልነበረ ራሴ በፈላ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ ሰቀልኩት። ቢጫ ሆነ። አፈርኩበት፤ ግን ማን ያየኛል ብዬ ተውኩት። በመጀመሪያው ቀን አረፋው ቀነሰ። በሁለተኛው ቀን ይበልጥ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን መስታወቱ ላይ ዓይኔን ስተክል ጠብታዎቹ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከላይ ደግሞ በቅቤውና በውሃው መሐል በማስመሪያ የተሰመረች የምትመስል ቀጥ ያለች መስመር ተኝታለች። አራት ሳምንት የጠበቅኋት መስመር! ቅቤውን ቀድቼ እየሮጥኩ ገበያ ሄጄ እትዬ ፋጡማን በጠራራ ፀሐይ አስቀመስኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። "ይበላል" አሉ።

"ጥሩ ነው ማለት ነው?"

"ጥሩ አላልኩም። ይበላል አልኩ።"

ለኔ በቂ ነበር። አራተኛው በርሜል ነው ብዬ ለከተማው ሁሉ አወራሁ። ጋሼ ሽፈራውም ደስ ብሏቸው ከሂርና ነጋዴ ወዳጆቻቸውን ጠሩ፤ ከሆሣዕና በፊት ባለው የገበያ ቀን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እንዲያይ ተባለ።

ከዚያ በፊት ባለው ቀን እናቴ ከሱባኤዋ ተመለሰች። ፊቷ ከስቷል፣ ዓይኗ ግን ያበራል። ጨርቁን ስታይ እጇን በአፏ ጫነች። "በዚህ ነው በሰው ፊት የምትቆመው? እናት የሌለው ያስመስልህ?" አለችኝ። ከመንገዱ ሳታርፍ ገንዳዋ ዘንድ ሄደች። የሙቀጫው ድምፅ ከወትሮው እጥፍ ቆየ። በገበያው ቀን ጠዋት ጨርቁ እሾህ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይዋ ስታርፍበት ዓይን ይወጋ ነበር።

የሆነውን አሳጥሬ ልናገር፤ ማስረዘም አልችልም። ሰው ሞልቷል። ጋሼ ሽፈራው ኮታቸውን ለብሰዋል። ውሃውን ለቀቅሁ፣ ቅቤውን ለቀቅሁ። በመስታወቱ ነጭ ነገር ሞላ። አረፋው ወደ ላይ ወጣ፣ ጨርቁን አልፎ በበርሜሉ አፍ ገነፈለ፤ በማማው ጎን ወርዶ የጋሼ ሽፈራውን ጫማ ነካ። አንዱ ሲስቅ ሌላው ተከተለ። "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!" አለ አንድ የሂርና ሰው። ጋሼ ሽፈራው ጫማቸውን በማሽላ አገዳ እየጠረጉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "በቃ። ከእንግዲህ በጾም ቅቤ አልገዛም" አሉና እንግዶቻቸውን ይዘው ሄዱ።

ሰዉ ተበተነ። እትዬ ፋጡማ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል። "ሴቶቹን ምን እላቸዋለሁ?" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። እኔ በርሜሉን በእርግጫ መታሁት፤ አውራ ጣቴ እስከ ፋሲካ አነከሰኝ።

"ትናንት ሠርቷል" አሉ ቆይተው። "ዛሬ አልሠራም። ምን ተለየ?"

"ምንም አልተለየም! ያው በርሜል፣ ያው ውሃ፣ ያው ቅቤ!"

"ትናንት ጨርቁ ቢጫ ነበር።"

እስከ ኢድ ድረስ ሲመጡ ሥራው አልቆ፣ ጨርቁም ወርዶ ነበር የሚጠብቃቸው። በሥራ ላይ ተወጥሮ ያዩት ገና ያን ሰሞን ነው። ተነሡና ጨርቁን አስወርደውኝ መዳፋቸው ላይ ጨመቁት። በጣታቸው አሹት፤ መዳፋቸው በአረፋ ተሞላ። ያንን አረፋ በምላሳቸው ጫፍ ነኩትና ወዲያው እንትፍ አሉ።

"እንዶድ ነው" አሉ።

እዚያው እንደቆምኩ ሁሉም ነገር ተራ በተራ መጣልኝ። እንዶድ የሚያጥበው ቅባትንና ውሃን ስለሚያዋህድ ነው። እናቴ የጾም ቤቷ ቅቤ እንዳይነካው ብላ በየቀኑ እንዶድ አብዝታ ትወቅጣለች። እኔ ነጭ ይሁን ባልኩ ቁጥር ደግሞ ትጨምራለች። በዚያ ጨርቅ ውሃ በማጥለል አራት ሳምንት ሙሉ እንዶድ ስመግብ የኖርኩት ራሴ ነኝ። መራራውም የቅቤው አልነበረም። ወንፊቱ ደህና ነበር፣ ብየዳው ደህና ነበር፣ ውሃ ቀጂው ከነአህያው ንጹሕ ነበር፤ አራተኛው በርሜል ደግሞ ከነጭራሹ አያስፈልግም ነበር። ያ ምላስ ብቻውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነቱን ነግሮኛል።

ያፈርኩ እንዳይመስላችሁ፤ እፍረቱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። ጨርቁን ነጥቄ ወደ ቤት መንገድ ጀመርኩ።

"ወዴት ነው?" አሉኝ።

"ወደ እናቴ! ስንት ቀን ሙሉ ምን ስታደርገኝ እንደኖረች ልነግራት!"

እጄን ያዙኝ። ጣታቸው እንደ ገመድ ጠንካራ ነበር። "ታደሰ" አሉኝ፤ በስሜ የጠሩኝ ያን ቀን ብቻ ነው። "እኔን ምላስዎ ተበላሽቷል አልከኝ። ዝም አልኩ። አሁን የዚያን ካሳ እፈልጋለሁ። እናትህ ይህን እንዳትሰማ። ጾሟን ያከበረች ሴት፣ በጾምሽ ምክንያት አበላሸሽብኝ አትባልም። ወላሂ አትባልም።"

ቃል ገባሁላቸው።

ወደ ጋሼ ሽፈራው ሄደው ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ተመልሰው "እስከ ጸሎተ ሐሙስ ነው ብሏል" አሉኝ። ሰኞ ሥራ ጀመርን፤ እሳቸው ወደ ሚኤሶ ሳይሄዱ ቀኑን ሙሉ አብረውኝ ዋሉ። አዲስ አቡጀዲ ገዝቼ በፈላ ውሃ ሙጫውን ደጋግሜ አስለቀቅሁና ማማው ላይ ወጠርኩት። ቃሌን ለመጠበቅ ግን እናቴ ማጠቡን መቀጠል ነበረባት። ስለዚህ ሥራ ስንጨርስ አሮጌውን ነጭ ጨርቅ ከደበቅሁበት አውጥቼ፣ ሆን ብዬ ቅቤ ቀብቼ፣ አሽቼ አሽቼ ወደ ቤት እወስድላታለሁ። ኮሌጅ የገባ ሰው፣ ንጹሕ ጨርቅ ለእናቱ ሲያቆሽሽ!

ያ ሳምንት ሕማማት ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ትውላለች። ማታ ስትመለስ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ግድግዳ እየያዘች ነው የምትገባው። እኔ ያን በከንቱ የቆሸሸ ጨርቅ ስዘረጋላት ትቀበለኝና ያንኑ ጉልበቷን አጥፋ ገንዳው አጠገብ ትንበረከካለች። "ዛሬ ይቅር እማዬ" እላታለሁ። "ምን ማለትህ ነው? ሥራህ ይበላሽ?" ትላለች። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ብነግራት ልቧ ይሰበራል፣ ባልነግራት ጉልበቷ ይሰበራል። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ጸሎተ ሐሙስ ቀትር ላይ ካለው ቅቤ ከግማሽ በላዩን አጥበን ነበር። የቀረው ፀጉር ለሚቀቡ ሴቶች ሄደ። ጋሼ ሽፈራው የታጠበውን መቅመስ ስለማይችሉ አሸተቱት፤ ከዚያ እትዬ ፋጡማን አዩዋቸው። "ምን ትያለሽ?" አሏቸው። እትዬ ፋጡማ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ወትሯቸው ቆዩ። "ጥሩ ነው" አሉ። ጋሼ ሽፈራው ሌላ ሰው አልጠየቁም። "እንግዲያው ለከርሞ ጾም ለሴቶቹ ንገሪያቸው" አሉ።

ፋሲካ ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም ስንፈታ፣ ሳምንታት ሙሉ ሳጥበው የኖርኩትን ቅቤ በምላሴ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አይከረክርም፣ አይመርም። እትዬ ፋጡማ ጥሩ ነው ያሉት በእርግጥ ጥሩ ነበር። እናቴ ጎርሳ ፈገግ አለችና ለጎረቤቶቻችን፣ "መሐንዲሱ ነው ያጸዳው፤ እኔም ጨርቁን በየቀኑ እያነጣሁለት" አለች። አቀርቅሬ በላሁ።

ይህን ወሬ ስንት ዓመት እንደሰማሁት አትጠይቁኝ። በክርስትና ሰማሁት፣ በሠርግ ሰማሁት፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰማሁት። "ያኔ እኔ እንዶዱን እየወቀጥኩ ባላነጣለት ኖሮ" ስትል እኔ ጥርሴን ነክሼ ጣራ ጣራ አያለሁ። አንዳንዴ እትዬ ፋጡማ እዚያው ተቀምጠው ከሆነ፣ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ፣ "አዎ፣ እሷ ናት" ይሏታል። ከዚያ ወደ እኔ አንድ ጊዜ ያያሉ። ማማው ዝጎ እስኪበሳ ጥቂት ዓመታት ሠራ፤ የቆላዎቹ ሴቶች በየሁዳዴው ማሽላቸውን ይዘው ተመለሱ። እኔ ሳይንስ አስተማሪ ሆንኩ። ዛሬ ሁለቱም ሴቶች የሉም። ቃሌን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ፤ እትዬ ፋጡማን ግን ስለ ምላሳቸው ይቅርታ በአፌ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ይህ ያሳዝነኛል።

ይህን ሁሉ ለማርታ ስነግራት መሸ። መጀመሪያ ሳቀች፤ የቅድመ አያቷ ጉልበት ጋ ስንደርስ ዓይኗን ጠረገች።

"በይ አሁን አሥራ ሁለተኛ ብለሽ ጻፊ" አልኳት። "ጨርቁን የሚያጥበው ማነው?"

ሥዕሏን ወደ ላይ ወደ ታች አየችው። "አባባ፣ የኔ ማማ እኮ ጨርቅ የለውም።"

"የኔም መጽሐፉ ላይ አልነበረውም" አልኳት።